መልስ፦ ዳታው ለምን አንዴ ከ42፣ አንዴ ከ54 ባይት በኋላ ይጀምራል?

ሰላም ወንድሜ፣ ፖሊ ግቢ ላብ ውስጥ በዋየርሻርክ (በኔትወርክ የሚያልፈውን ዳታ ይዞ በሚያሳየው ፕሮግራም) የያዝካቸው ፓኬቶች (የዳታ እሽጎች) ደህና ናቸው፤ ልዩነቱ የሚመጣው አንዱ ዩዲፒ ሌላው ቲሲፒ ስለሆነ ነው (ሁለቱ ዳታ የሚላክባቸው የተለያዩ ደንቦች ናቸው)።

መጀመሪያ ያለው የኢተርኔት ሄደር (ከዳታው በፊት የሚመጣ የመረጃ ክፍል) 14 ባይት ነው፦ 6 የተቀባይ ማክ አድራሻ፣ 6 የላኪ፣ 2 ዓይነት። ዓይነቱ 08 00 ከሆነ (ዋየርሻርክ ባይቶቹን የሚያሳየው በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት ባለው አቆጣጠር ነው) ቀጥሎ አይፒቪ4፣ ማለትም የአይፒ አድራሻዎቹን የያዘው ሄደር ይመጣል። እዚህ ጋ ቆም በል። የአይፒው የመጀመሪያ ባይት አብዛኛውን ጊዜ 45 ነው፤ አርባ አምስት ብለህ ግን እንዳታነበው። 4ቱ ቨርዥኑ ነው፤ 5ቱ የሄደሩ ርዝመት ሲሆን የሚቆጠረው በ4 በ4 ባይት ነው፣ ስለዚህ 20 ባይት። 46 ካየህ ኦፕሽን ተጨምሮበት 24 ሆኗል ማለት ነው። እዚያው ሄደር ውስጥ 10ኛው ባይት ቀጣዩን ይነግርሃል፦ 06 ቲሲፒ፣ 11 ደግሞ ዩዲፒ (በሄክስ ነው፣ በተለመደው አቆጣጠር 17)።

ዩዲፒ 8 ባይት ብቻ ነው፦ ሁለት ፖርት (የላኪና የተቀባይ ፕሮግራም መለያ ቁጥር)፣ ርዝመት፣ ቼክሰም (የስህተት መፈተሻ ቁጥር)። 14+20+8፣ ያው 42ህ። ቲሲፒ ሲኩዌንስ ቁጥሩንም ፍላጉንም ዊንዶውንም ስለሚሸከም ከ20 አይወርድም፤ 54 መጣልህ። ሊኑክስ ላይ 66 ብታይ አትደንግጥ፣ የታይምስታምፕ ኦፕሽን 12 ባይት ጨምሮበት ነው።

አይፒቪ6 ላይ ዋናው ሄደር ሁሌም 40 ባይት ነው፣ ቼክሰምም የለውም (እሰይ!)። አንዱን ፊልድ ክሊክ ስታደርግ ታች ሄክሱ ላይ ባይቶቹ ይደምቃሉ፤ ከ45ቷ ጀምር።