የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተደጋጋሚ እርማትን ለኮድ መጻፊያው መተው

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ሸዋ በር አካባቢ በሚገኝ የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። የቅሬ (የእድር) አባላት ስም ዝርዝርና ቃለ ጉባኤ በብዛት ይመጣልኛል። ጽሑፎቹ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ በመሆናቸው አራት ነጥቡ በአንዱ «፡፡»፣ በሌላው «::» ሆኖ ይገኛል፤ «ሐይቅ» የሚለውንም በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ሆሄ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ለይቼ ወደ ኤክሴል እንዳስገባም እጠየቃለሁ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማረም ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ፕሮግራሚንግ ለመማር ብዬ የጫንኩት ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ለዚህ ሥራ ሊያገለግለኝ ይችላል?

መልስ፦ እህታችን፣ በሚገባ ያገለግልዎታል። ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ነጻ ፕሮግራም የታሰበው ለኮድ ጸሐፊዎች ቢሆንም፣ ኮድም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የመፈለጊያና የመተኪያ መሣሪያዎቹ ለአማርኛም ይሠራሉ። ሆኖም የወርድ ፋይልን በቀጥታ አያስተናግድም። ጽሑፉን ቀድተው ሲለጥፉበት የፊደሉ ድምቀትና ሠንጠረዡ ስለሚጠፋ፣ እርማቱን እዚህ ጨርሰው ማሳመሩን በኋላ በወርድ ይሥሩት። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ባልሆኑት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ከሁሉ በፊት አንድ ማስተካከያ ያድርጉ። ፕሮግራሙ ሲጫን ቃልን ከቃል ለመለየት የሚያውቃቸው ምልክቶች የእንግሊዝኛዎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ተስማሙ።» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ቢጫኑ አራት ነጥቡን የቃሉ አካል አድርጎ አብሮ ይመርጠዋል። ኮንትሮልንና ኮማን አብረው ተጭነው የማስተካከያውን ገጽ ይክፈቱ፤ በመፈለጊያው ሳጥን «ወርድ ሴፓሬተርስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ከዚያም በቦታው ያሉትን ምልክቶች ሳይነኩ ፡።፣፤፥፦ የሚሉትን ከመጨረሻው ላይ ይጨምሩ። ይህ አንዴ ከተደረገ ዳግመኛ አይነካም። እዚያው ገጽ ላይ «ትሪም ትሬይሊንግ ዋይትስፔስ» የሚለውን ቢያበሩት፣ ፋይሉን ባስቀመጡ ቁጥር በየመስመሩ መጨረሻ የቀረው ባዶ ቦታ በራሱ ይጠፋል።

አሁን ወደ አራት ነጥቡ እንምጣ። ኮንትሮልንና ኤችን ሲጫኑ የመፈለጊያና የመተኪያ ሳጥኖች ይመጣሉ። በመፈለጊያው ጠርዝ ላይ ነጥብና ኮከብ ያለበትን ቁልፍ ያብሩ፤ ከዚህ በኋላ የሚጽፉት ተራ ቃል መሆኑ ቀርቶ የፍለጋ ሕግ ይሆናል። በላይኛው ሳጥን

፡፡|::

ብለው በታችኛው «።» ይጻፉ። መካከል ያለው ቀጥ ያለ መስመር «ወይም» ማለት ነው። ቀጥለው

[ ]+([።፣፤])

ብለው ቢፈልጉና በ$1 ቢተኩ፣ ከሥርዓተ ነጥቡ በፊት የገባው ክፍተት ተወግዶ ምልክቱ ብቻ ይቀራል፤ $1 በቅንፉ ውስጥ የተገኘውን መልሶ የሚያስቀምጥ ነውና። ቅደም ተከተሉን ግን እንዳያዛንፉ አደራ እላለሁ። በአሮጌ ጽሑፎች ውስጥ በየቃሉ መካከል ያለውን ሁለት ነጥብ «፡» በባዶ ቦታ ለመተካት ከፈለጉ፣ «፡፡»ን ካረሙ በኋላ ይሁን። ከቀደመ አራት ነጥቡ ሁሉ ሁለት ባዶ ቦታ ይሆንና ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳበቃ መለየት አይቻልም።

ለ«ሐይቅ» አንድ መስመር ይበቃል፦

[ሀሃሐሓኀኃ]ይቅ

በቅንፉ ካሉት ሆሄያት አንዱ ያለበትን ሁሉ ስለሚያገኝ በ«ሐይቅ» ይተኩት። ከቃሉ ፊት የሚገቡት «የ»፣ «ለ»፣ «በ» እና «ከ» እንዳያመልጡዎት «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ምርጫ ጠፍቶ ይቆይ። ነገር ግን ይኸው ነጻነት ሌላ አደጋ አለው። አንድ ጊዜ በጽሑፌ ውስጥ ያለውን «ደሴ» ሁሉ «ደሴ ከተማ» እንዲሆን አዝዤ፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የጻፍኩት «ቀድሞ ደሴት ነበረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ቀድሞ ደሴ ከተማት ነበረ» ሆኖ ጠበቀኝ። መፍትሔው

ደሴ(?![ተ-ቶ])

ብሎ መፈለግ ነው። ትርጉሙ «ከደሴ ቀጥሎ ከተ እስከ ቶ ካሉት ሰባቱ ሆሄያት አንዱ ካለ እለፈው» ማለት ሲሆን፣ ደሴት፣ ደሴቱና ደሴቶች ሳይነኩ ይቀራሉ። በዩኒኮድ የአንድ ፊደል ሰባቱ ሆሄያት ተከታትለው ስለተቀመጡ እንዲህ በአጭሩ መጻፍ ይቻላል። እንዲያም ሆኖ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመተካትዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን አሥር ያህል አንድ በአንድ እያዩ ይለፉ።

የሰው ስም ላይ ግን ይህን የሆሄ ማስተካከል አያድርጉት። «ሐሰን» እና «ሀሰን» የሚለው ልዩነት በመታወቂያ ላይ ያለ የባለቤቱ ስም አጻጻፍ ነው፤ እንደተጻፈ ይቀመጥ።

ስሞቹን ለኤክሴል ለመለየት

^([^ ]+) ([^ ]+) ([^ ]+)$

ብለው ይፈልጉና በ$1,$2,$3 ይተኩ። የሚነካው ሦስት ቃል ብቻ ያለበትን መስመር ስለሆነ፣ ሌላው ያለ ኮማ ቀርቶ በዓይን ይለያል። ከዚያ በፊት ግን ጥንድ ስሞችን ያያይዙ፦

(ገብረ|ወልደ|ተክለ|[ሀሃሐኀኃ]ይለ)[ ]

የሚለውን በ$1_ ተክተው፣ ልየታው ሲያበቃ ሰረዙን ወደ ባዶ ቦታ ይመልሱት። ከስም በፊት የሚጻፉት ቄስና ሼህም በዚሁ መንገድ ይያያዛሉ። ለ«መሐመድ ኑር አሊ» ግን ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ መሐመድ የተባለው የኑር ልጅ ይሁን፣ ወይም መሐመድኑር የተባለው የአሊ ልጅ፣ ከፊደሉ አይታወቅም። እንዲህ ያሉትን መስመሮች ለይተው ይያዙና የቅሬውን ጸሐፊ ይጠይቁ።