ለበዓል ቤት ስገባ የ15 ዓመት ልጅ እሆናለሁ

ጥያቄ፦

34 ዓመቴ ነው። የምሠራው ከቤተሰቤ ርቄ፣ ሌላ ከተማ ነው። ሥራ ቦታ ሰው የማስተዳድር፣ “እሷ ረጋ ያለች ናት” የምባል ሰው ነኝ። ብሔራዊ በዓል ከቅዳሜና እሁድ ጋር ሲገጣጠም ግን ወደ ቤተሰቦቼ እሄዳለሁ፤ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሌላ ሰው እሆናለሁ። እማዬ ኩሽና ይዛኝ ትገባና በሩን ገርበብ አድርጋ አባዬን ታማልኛለች። አያናግረኝም፣ ምንም አያማክረኝም፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ እንደተተከለ ይውላል ትላለች። “አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማሻል።” እነግረዋለሁ። እሱ ፊቱን ያጠቁራል። እሷ ደግሞ “እኔ መቼ እንዲህ በዪው አልኩሽ?” ብላ ትክዳለች። ታናሽ ወንድሜ “ዳኛዋ መጣች” እያለ ያሾፍብኛል። በዚህ መሀል “ታዲያ መቼ ነው የምታገቢው?” ይመጣል። ያኔ እጮሃለሁ፣ በር አላትማለሁ። ባለፈው በዓል ቢሮ ድንገት ፈለጉኝ ብዬ ዋሽቼ አንድ ቀን ቀድሜ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሳለቅስ ነበር። አሁን ሌላ በዓል እየደረሰ ነው። ልቅር ወይስ ልሂድ? ብሄድስ ለወንድሜ ቀድሜ ልደውልለት?

መልስ፦

እህቴ፣ ሂጂ። ቆይታሽን ግን አሳጥሪው፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የ15 ዓመቷን ልጅ እናንሳ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቤተሰብ ጋ ሲገቡ እንዲህ ይሆናሉ። ጠባያችንን የትም ይዘነው የምንዞር ይመስለናል እንጂ ብዙው ከሰውና ከቦታ ጋር የተጣበቀ ልማድ ነው። እናትሽ ስምሽን የምትጠራበት ድምፅ፣ ያ ገርበብ ያለ በር፣ የወንድምሽ ሳቅ፣ እነዚህ ሁሉ ድሮ የለመድሽውን መልስ ይቀሰቅሱታል። ቢሮ ውስጥ ማንም በዚያ ድምፅ አይጠራሽም። ስለዚህ ብስለትሽ ውሸት ነው ብለሽ ራስሽን አትጠራጠሪ።

በዓል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በሌላው ቀን ሰው ሥራ አለኝ ብሎ ይወጣል፤ በበዓል መሸሻ የለም። ሁሉም ቤት ነው፣ ሁሉም ደስ ሊለው ይገባል፣ ደስታው ትንሽ ሲጎድል ደግሞ ጥፋተኛ ይፈለጋል። የእናትሽና የአባትሽ ነገር አንቺ በሌለሽበት ወራት ሲጠራቀም ይከርማል። ከዚያ አንቺ ትመጫለሽ። የሚያቀባብል ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ በደንብ ያየው መሬይ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ሁለት ሰዎች መሀል ውጥረቱ ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ ይላል፤ ሦስት ማዕዘን ብሎ ነው የጠራው። ሦስተኛው ሲገባ ሁለቱ ትንሽ ይተነፍሳሉ። ችግሩ ግን እዚያው ይቀመጣል። እንዲያውም ስለሚያስተነፍሳቸው ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ምክንያት ይጠፋል። እናትሽ አንቺ ጋ ካወራች በኋላ ቀለል ይላታል አይደል? አንቺ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጪ ታድሪያለሽ።

ቦወን ይህን ያወቀው ታካሚዎቹን ብቻ አይቶ አይደለም። ቴነሲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ያደገ፣ የአምስት ልጆች ታላቅ ነበር። እንደ አንቺው ቤተሰብ ጋ በሄደ ቁጥር ወሬው መሀል ይገባ ነበር። በ1967 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ትቶ የራሱን ቤተሰብ ጉዳይ ተናገረ። ከጉብኝቱ በፊት ለቤተሰቡ አባላት ደብዳቤ ጽፎ፣ በጀርባ የሚወራውን ወሬ ለሚታማው ሰው ለራሱ እንደነገረው አወራ። ቤቱ ታመሰ። እሱ ግን ከማንም ጋር ሳይወግን፣ ከማንም ሳይኮራረፍ ቆይቶ ተመለሰ። አንቺ ይህን እንዳለ እንድትቀጂው አልፈልግም። እሱ ሆን ብሎ ነገር ሊቀሰቅስ የሄደ ሐኪም ነው፤ አንቺ ለማረፍ ነው የምትሄጂው። ዋናውን ሐሳብ ግን ውሰጂ፦ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ ቅረቢ፣ የአንዳቸውን ክስ ለሌላው አታድርሺ።

ኩሽናው ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ላሳይሽ። እናትሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጀምራለች። አታቋርጫት፣ አትገሥጫት። ትንሽ አዳምጫትና እንዲህ በያት፦ “እማዬ፣ ይሄ ሲከብድሽ ይገባኛል። ለአባዬ ግን አንቺው ብትነግሪው ነው የሚሻለው፤ እኔ አልነግረውም። ይልቅ አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ?” ድምፅሽ እንዳይቆጣ ተጠንቀቂ። ይህንኑ ቃል በንዴት ከተናገርሽው እሷ የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ ደግሞ እንዳትዘይው። “አልነግረውም” ብቻ ብለሽ ካቆምሽ በሩን የዘጋሽባት ይመስላታል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አትወደውም። ቦወን እንደሚለው አንድ ሰው ቤተሰቡ ውስጥ የለመደውን ቦታ ሲለቅ ቤተሰቡ በተራ ሦስት ነገር ይላል። “ተሳስተሻል”፤ ከዚያ “እንደ ድሮሽ ሁኚ”፤ ከዚያ “ካልሆንሽ ወዮልሽ።” የእናትሽ “ወዮልሽ” ምናልባት “አንቺም እንደ አባትሽ ሆንሽ” የሚል ይሆናል። ወይም ዝም ብላሽ ትውላለች። ይህ ሲመጣ ብዙ ሰው ምክሩ አልሠራም ብሎ ወደ ድሮው ይመለሳል። እኔ ግን ኩርፊያውን ሳይ ነው “አሃ፣ የሆነ ነገር ተነቃነቀ” የምለው። ያን ጊዜ መልስ አትደርድሪ። አንቺም አታኩርፊ። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ሌላ ጨዋታ አምጪ።

አባትሽን እስካሁን በእናትሽ በኩል ነው የምታውቂው። ደብዳቤህን አደረስኩ ብሎ እንደሚሄድ ፖስተኛ ነው የምታነጋግሪው፤ እሱም ስትመጪበት ምን ይዛብኝ መጣች ብሎ ይኮሳተራል። ምን ያድርግ! በዚህ በዓል ያለ ምንም መልእክት አጠገቡ ቁጭ በይ። ቴሌቪዥኑን አታጥፊበት፤ አብረሽው እዪ። ዝምተኛ ሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ ከማውራት ይልቅ ጎን ለጎን ሆኖ ሲያወራ ይቀለዋል። በልጅነቱ ስለሠራው ሥራ፣ ስለ ወላጆቹ፣ ከሞያው ምኑን እንደሚወድ ጠይቂው። አጭር ከመለሰ ይበቃል።

“መቼ ነው የምታገቢው?” ላይ ብዙ ጉልበት አታባክኚ። አንድ አጭር መልስ ይዘሽ ሂጂ፤ “ሲኖር መጀመሪያ ለአንቺ ነው የምነግርሽ እማዬ።” ደጋግማ ከጠየቀች ደጋግመሽ ያንኑ በይ። ማብራሪያ ከጀመርሽ ክርክር ነው።

አሁን ስለ ቆይታሽ። ሦስቱን ቀን ሙሉ መቆየት ግዴታ አይደለም። ሁለት ሌሊት ይበቃሻል፤ ዋናው ነገር ከመሄድሽ በፊት “ቅዳሜ ጠዋት ደርሼ ሰኞ ከምሳ በፊት እወጣለሁ” ብለሽ በስልክ መናገርሽ ነው። ያኔ ቢሮ ፈለጉኝ የሚል ውሸት አያስፈልግሽም። አወጣጥሽ ላይ የማተኩረው ያለ ነገር አይደለም። በ1993 (ይህም እንደ አውሮፓውያን) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እጃቸውን ለ60 ሰከንድ አስከተቷቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለዚያው 60 ሰከንድ፣ ከዚያ ሳያወጡ ውኃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሲደርስ ለተጨማሪ 30 ሰከንድ። የትኛውን እንድገም ሲባሉ ብዙዎቹ ረዥሙን መረጡ። የተቀበሉት ቅዝቃዜ በዝቷል፤ አጨራረሱ ግን ለስለስ ያለ ነበር። አንቺም ባለፈው በዓል ከቤተሰብሽ ጋር የሳቅሽበት ሰዓት አልነበረም? ለእኔ የጻፍሽልኝ ግን ውሸቱንና አውቶቡሱን ነው። የመጨረሻዋን ጠዋት ለከባድ ወሬ አትስጫት። ካልቸኮልሽ በስተቀር ሁሉንም በየተራ ተሰናበቻቸው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤቱ አሰልቺ ግን ሰላም ከሆነ ነው። ድብደባ፣ ማስፈራራት፣ ወይም ስካር ያመጣው ረብሻ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ መቅረትም ትክክለኛ መልስ ነው። ከጻፍሽልኝ እንደዚያ አልመሰለኝም።

ወንድምሽ ጋ ደውዪ። ስለ እናትሽና አባትሽ ግን አታንሺ። “ዳኛዋ መጣች” የሚለውም ዝም ብሎ ተረብ አይመስለኝም፤ አንቺ በሌለሽበት ወራት መሀል ላይ የሚቀመጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ሥራው፣ ስለ ጓደኞቹ ጠይቂውና እሁድ ከሰዓት ሁለታችሁ ብቻ ወጣ የምትሉበትን ሰዓት ተቃጠሩ።