ከእስር የተመለሰው ሌባ በቀበሌያችን፦ ማባረር እንችላለን?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። በምዕራብ ጎጃም በአንዲት የገጠር ቀበሌ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የሰፈራችን ሰው በከብት ስርቆት አራት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበት ሳይጨርስ በአመክሮ ወጣ። ከተፈታ ሦስት ዓመት አልሞላውም። ባለፈው ወር ሁለት በሬዎቼ ሌሊት ከበረት ተፈትተው ተወሰዱ፤ አንዱን ገበያ አውጥቶ ሲሸጥ ከነበሬው ተያዘ፣ ሁለተኛው እስካሁን አልተገኘም። አብሮት በሬውን የሚነዳ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በሳምንቱ ሰውየው በዋስ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ሲንጎራደድ አየነው። ዳኛው የቀድሞ ታሪኩን እንኳ አልጠየቁም። እድሩ ተሰብስቦ ነበር፤ ግማሹ ‹ከቀበሌው ይውጣልን› ይላል፤ ወጣቶቹ ‹ቤቱን አቃጥለን እንገላገል› ይላሉ፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ‹ይካስና ታረቁ› እያሉ ይለምኑኛል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል የተባለው ደረሰብን። ሕጉ ከማን ጋር ነው?»

መልስ

ወጣቶቹ ካሉት ልጀምር፤ ሌላው ይቆያል፣ ይሄ ግን አያድርም። ቤቱ ከተቃጠለ ተከሳሽ ሆነው የሚቆሙት እነሱ ናቸው፤ እሱ የግል ተበዳይ ሆኖ ካሳ ይጠይቃል። ሆን ብሎ በሰው ቤት ላይ እሳት መልቀቅ በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ከባድ ወንጀል ነው። እዚያ ቤት ሚስትና ልጆች ካሉና ሰው ከሞተ ደግሞ ጉዳዩ ከበሬ ወጥቶ ወደ ነፍስ ግድያ ይሻገራል። አንቀጽ 78 የሚፈቅደው ሕጋዊ መከላከል አደጋው ባለበት ሰዓት፣ ሌላ ማምለጫ ሲጠፋ፣ በተመጣጠነ መንገድ የሚደረገውን ብቻ ነው። ሌባው እጁ ከታሰረ በኋላ የሚያርፍበት ዱላ መከላከል አይባልም። እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ግን ማንም መያዝ ይችላል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ይህን ይፈቅዳል፤ የያዘው ሰው ግዴታ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። ይህን ለስብሰባው ያንብቡላቸው። የከብት ሌባ ሊቀጡ ወጥተው ከሌባው የረዘመ እስራት የተፈረደባቸው ልጆች ቤተሰብ ቢሮዬ መጥቶ ያለቀሰበት ጊዜ ስላለ ነው አጥብቄ የምናገረው።

አሁን ወደ ዋስትናው። ዋስትና ነጻ መውጣት አይደለም፤ ክሱ እንዳለ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው፤ ፍርድ ቤት የሚከለክለው በሕግ በተመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትናን ፈጽሞ የሚዘጋው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው ሲሞት ወይም ሊሞት ሲችል ነው። የእናንተ ጉዳይ እዚያ አይገባም። አንቀጽ 67 ግን አለላችሁ፦ ተጠርጣሪው የዋስትና ግዴታውን የማያከብር፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም፣ ወይም ምስክር የሚያባብልና ማስረጃ የሚያጠፋ መስሎ ከታየ ፍርድ ቤቱ ዋስትናውን ሊነፍገው ይችላል። እነዚህን ነጥቦች ለዳኛው የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ በወረዳ ችሎት የማየው ይህን ነው፦ ፖሊስ «ምርመራ አልጨረስኩም፣ 14 ቀን ይጨመርልኝ» ይላል፤ ዳኛው «ምን ቀረህ?» ሲሉት በቂ መልስ የለውም፤ ተጠርጣሪው የሚያስተዳድራቸውን ልጆች ይቆጥራል፤ ዋሱ ከኋላ ቆሟል። የተበዳይ ወገን አንድም ሰው የለም። «እንፈራዋለን» ብቻ ማለትም አይበቃም። ማንን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ብሎ እንዳስፈራራ ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ ቃል ይስጡ፤ ዋስትናው ከተፈቀደ በኋላ ምስክር ቢያስፈራራ እንኳ ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን መልሶ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

ዳኛው የቀድሞ ታሪኩን ያልጠየቁት ስለማይጠየቅ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 138 የተከሳሽ የቀድሞ ጥፋት ጥፋተኛ ነህ ከመባሉ በፊት ለችሎት እንዳይገለጥ ይከለክላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዳኛው በዚህ በሬ ላይ እንዲፈርድ እንጂ በዚያኛው በሬ ላይ ደግሞ እንዲፈርድ አይፈለግም። ታሪኩ ሰዓቱ የሚደርሰው ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ፣ ዐቃቤ ሕግ ስለ ቅጣቱ አስተያየት ሲጠየቅ ነው። ያኔ አንቀጽ 67 (ይሄኛው የወንጀል ሕጉ ነው፤ ቁጥሩ ከላይ ካለው ጋር መግጠሙ ብዙ ሰው ያሳስታል) ሥራ ይጀምራል፦ ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ከፈጸመ ወይም በይቅርታ ከተለቀቀ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ የታሰበ ወንጀል የፈጸመ ሰው፣ አዲሱ ወንጀል ቢያንስ ስድስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ እስከሆነ ድረስ ደጋጋሚ ወንጀለኛ ይባላል። የእናንተ ሰው ከተፈታ ሦስት ዓመት ስላልሞላው፣ ጥፋተኛ ከተባለ እዚህ ውስጥ ነው። ለተራ ስርቆት በአንቀጽ 665 የተቀመጠው ጣሪያ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ በደጋጋሚ ላይ አንቀጽ 188 ከዚያ በላይ እንኳ ለማለፍ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ይሰጣል። ከባድ ስርቆት ተብሎ በአንቀጽ 669 ከተከሰሰ ደግሞ ጣሪያው ራሱ 15 ዓመት ነው። ወንጀሉ በሌሊት መፈጸሙም በአንቀጽ 84 ከማክበጃዎቹ ሊገባ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን በወረቀት ይቆማል። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ተከምሮበታል፤ የቀድሞው ፍርድ ሌላ ወረዳ ከሆነ ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ የድሮውን የወንጀል መዝገብ ቁጥር ፈልጉና፣ የፍርዱን ግልባጭና ከማረሚያ ቤቱ የተፈታበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያስመጣ ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ጠቁሙት። ስንት ደጋጋሚ «የቅጣት ሪከርድ የሌለበት» ተብሎ ቅጣት ቀሎለት እንደወጣ እኛ ጠበቆች እናውቃለን። (እኔም ለተከሳሽ ስቆም ይህን ከፍቼ አልናገርም፤ የመናገር ግዴታ የዐቃቤ ሕግ ነው።)

ስለ ማስረጃው አንድ ነገር ላሳይዎ። ፖሊስ ጣቢያ ከሚመጡት አቤቱታዎች አብዛኛው «አንድ ቀይ በሬ ተሰርቆብኛል» ይላል። ቀይ በሬ ገበያው ሙሉ ነው። የእርስዎ ቃል እንዲህ ይሁን፦ «መጋላ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ የግራ ቀንዱ ጫፍ የተሰበረ፣ ከጎረቤቴ ከእገሌ በዚህ ዓመት የገዛሁት፤ ሲገዛ እነ እገሌ ነበሩ»። ከበሬው ጋር በተያዘ ሰው ላይ ይህ ምልክት ከአሥር ሰው ሐሜት ይበልጣል። ገበያ ላይ የተደራደረው ደላላና ሊገዛ የነበረው ሰው ዋና ምስክሮች ስለሆኑ ስማቸው ሳይጠፋ ይመዝገብ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ወይም የደበቀ ሰው ራሱ በአንቀጽ 682 ይጠየቃል፤ ሁለተኛውን በሬ መፈለግ ያለበትም በዚህ መንገድ ነው። የተያዘው በሬ በኤግዚቢትነት ጣቢያ ታስሮ እየከሳ ከሆነ ፎቶ ተነሥቶና ምልክቱ ተመዝግቦ፣ ሲፈለግ ላቀርብ ብለው ፈርመው እንዲረከቡት ያመልክቱ። የእርሻ ወቅት ቀጠሮ አይጠብቅም። ችሎት በማይሰየምበት፣ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት አቤቱታው ይዘገያል እንጂ አይሞትም፤ የስርቆት ክስ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) የሚቆጠረው በዓመታት ነው።

ወደ አመክሮው ስመጣ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። «አራት ዓመት ከተፈረደበት አራት ዓመት ይታሰር፣ አመክሮ የሚባል ይቅር» የሚለውን ክርክር በየጠላ ቤቱም በየስብሰባውም እሰማለሁ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት አንድ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ (በአራት ዓመት ላይ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው) በማረሚያ ቤቱ አስተያየት ወይም በራሱ ጥያቄ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። አመክሮ ቢቀር ያው ሰው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ መመለሱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ምንም ገመድ ሳይኖርበት መመለሱ ነው። በአመክሮ የወጣ ግን በፈተና ጊዜው ቢያጠፋ የቀረውን ቅጣት ሊፈጽም ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የእናንተ ሰው የፈተና ጊዜ አልቆ ወይስ አላለቀ የሚለው በመፍቻው ትእዛዝ ላይ ስለተጻፈ፣ እሱንም ዐቃቤ ሕጉ ያስመጣ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያው አንቀጽ አመክሮ የሚሰጠው ለማንም አይደለም ይላል፤ እስረኛው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ያሳየ፣ ወደፊትም መልካም ጠባይ ይኖረዋል ተብሎ የሚገመት፣ እና በፍርድ ቤት የተወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን የከፈለ መሆን አለበት። ባለፈው ጊዜ ከብቱ የተሰረቀበት ጎረቤታችሁ ካሳ ጠይቆ ነበር? ካልጠየቀ የተወሰነ ካሳ አልነበረም፤ ካልነበረ ደግሞ ይህ ቅድመ ሁኔታ ባዶ ሆኖ አለፈ ማለት ነው። ሰውየው ማረሚያ ቤት ሳለ ለአንድም ቀን የጎረቤቱን ዕዳ ሳያስብ ወጣ። የእስር ቤት ሰው የሚታረመው ጎጂና ተጎጂ እንዲህ በማይተያዩበት አሠራር ነው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ እርስዎ አሁኑኑ ይጠይቁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተበዳዩ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር እንዲያጣምር ይፈቅዳል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ደግሞ ማመልከቻው ክሱ መሰማት ሲጀምር፣ የጉዳቱ ዓይነትና መጠን ተገልጾ እንዲቀርብ ያዛል። ያልተገኘውን በሬ ዋጋ፣ ጥንድ ፈርሶ ባለመታረሱ ለበሬ ኪራይ የከፈሉትን፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከሆነ ያጡትን ምርት ይዘርዝሩ። «እሱ ምን አለውና ይከፍላል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ዛሬ ላይኖረው ይችላል፤ ነገ አመክሮ ሲጠይቅ ግን ውሳኔው መዝገቡ ውስጥ ይጠብቀዋል። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን አይቼ አልጨርሰውም ካለ በፍትሐ ብሔር ለብቻው መክሰስ ይቻላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የሁለት ዓመት ይርጋ አለው፣ ወንጀሉ የረዘመ ይርጋ ካለው የወንጀሉ ይሠራል፤ ቢሆንም ባያዘገዩት ይሻላል።

ማባረርን በተመለከተ ቀበሌውም እድሩም ሥልጣን የላቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ሰው በፈለገው ቦታ የመኖር መብት አለው ይላል። ሥልጣኑ ያለው ፍርድ ቤቱ ነው፤ በወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 145 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ጥፋተኛው ወደ ተወሰኑ ቦታዎች እንዳይሄድ፣ በአንድ አካባቢ እንዳይኖር፣ ወይም በቁጥጥር ሥር እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል። ከብት ተራ ዝር እንዳይል ማድረግ ለእንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ የሚቀርብ ይመስለኛል። ዐቃቤ ሕግ ካልጠየቀ ግን ዳኛ ከራሱ ተነሥቶ ሲያዝ ብዙም አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ይጠየቅ። አውጫጭ (ጥፋተኛውን ለማውጣት ሕዝቡ የሚቀመጠውን ስብሰባ) ልትቀመጡ አስባችሁ ከሆነ ሰው ያየውን እንዲናገር መሰብሰብ ክልክል አይደለም፤ አስገድዶ ማሳመን፣ ማሰር፣ መደብደብ ግን ክልክል ነው፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ማስረጃ አይሆንም። ከእድር ማስወጣት በመተዳደሪያ ደንባችሁ ይወሰናል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቁ ሚስቱንና ልጆቹን ከቀብርና ከለቅሶ አትነጥሏቸው፤ እነሱ በሬ አልነዱም። ሽመናና የእንጨት ሥራ በማረሚያ ቤት ተምረው፣ የምስክር ወረቀት ይዘው፣ ሲወጡ ግን ሸማ የሚያሠራቸው ወይም መጋዝ የሚያውሳቸው ያጡ ሰዎች አይቻለሁ። ይህኛው ሰው በእድሉ ተጠቅሟል ወይስ እድል አላገኘም የሚለውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሽማግሌዎቹን አያስቀይሟቸው፤ ሆኖም ስርቆት በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ ዕርቁ ክሱን አያስቆምም። ዕርቁ የሚጠቅመው ካሳው በእጅ ሲገባና ጸጸቱ እውነተኛ ሲሆን ነው፤ ያኔ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ይሆንለታል። የዕርቁ ሰነድ የካሳውን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን ይያዝ፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፣ አንድ ቅጂ ለዐቃቤ ሕጉ ይግባ። «ምስክርነቴን ትቻለሁ» ወይም «በሬው የእኔ አይደለም» የሚል ወረቀት ላይ ግን እንዳይፈርሙ። ፍርድ ቤት ቀርቦ በሐሰት መመስከር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ሽማግሌ ለምኖኝ ነው ማለት አያድንም።

የ14 ዓመቱ ልጅ ጉዳይ ለየት ያለ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሆኖ 15 ያልሞላው ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ እስረኞችም ጋር አይታሰርም፤ ፖሊስ ወዲያው በአቅራቢያው ላለው ወረዳ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይገባል፤ ፍርድ ቤቱም ተግሣጽን፣ በአሳዳጊ ክትትል ሥር ማድረግን የመሳሰሉ እርምጃዎች ነው የሚወስድበት። ልጁ በሬውን እንዲነዳ ማን እንደላከውና ሁለተኛው በሬ ወዴት እንደሄደ ሊያውቅ ስለሚችል ለዐቃቤ ሕጉ ከተከሳሽነቱ ይልቅ ምስክርነቱ ሊጠቅም ይችላል። እናቱን ያግኟትና የክርስትና ካርዱን ይዛ ትቅረብ። ዕድሜው በሰነድ ካልተረጋገጠ በቁመቱ ገምተው 16 ሊሉት ይችላሉ፤ ከ15 ያለፈ ደግሞ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችል እንደሆነ እንጂ የሚከሰሰው እንደ አዋቂ ነው።