እሁድ ያየነው ቤት ሰኞም ያው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ዋና ከተማው መሃል ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ አሁን ሁለተኛ ልጃችንን እርጉዝ ስለሆንኩ ቤቱ ሊጠበን ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አገኘን፣ 4ኛ ፎቅ ነው፣ ኪራዩ ደግሞ አሁን ከምንከፍለው በሩብ ያንሳል። ባለፈው እሁድ ሄደን አየነው፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ከሥራ ቦታዬ 40 ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀብን። ደላላው ግን ሌላ ሰው ስለሚፈልገው ዛሬውኑ ማስያዣ ክፈሉ እያለ ያዋክበናል። ውሉ ላይ ምን እንደምናይ አናውቅም፣ አሁን ላለንበት ቤት የከፈልነው ዲፖዚትም ይመለስልናል ወይ ብለን እየሰጋን ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ በሰላም ተገላገይ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ አንድ ቃል ነው፣ “እሁድ” የምትለው። እሁድ 40 ደቂቃ የሆነ መንገድ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ ከተማው ሲጎርፍ 40 ደቂቃ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ምንም ነገር ሳትፈርሙ በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት በምትወጪበት ሰዓት እዛ ቤት በር ላይ ሆነሽ ተነሺ፣ ማታም ከሥራ በምትወጪበት ሰዓት ተመለሺ፣ እሱንም ሁልጊዜ በምትጠቀሚበት ትራንስፖርት እንጂ ለዛ ቀን ብለሽ በተዋስሽው መኪና አይደለም።

ለምን እንደዚህ እንደምመክር በቁጥር ላሳይሽ። አሁን ካለሽበት ሥራሽ ጋ ለመድረስ 30 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፣ ከአዲሱ ቤት ደግሞ ሰኞ ስትሞክሪው 70 ደቂቃ ሆነ። በአንድ ጉዞ 40፣ ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ ጨመረብሽ ማለት ነው፣ በወር 22 የሥራ ቀን ካለሽ 1,760 ደቂቃ፣ ከ29 ሰዓት በላይ። ይሄ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ3 የሥራ ቀን ተኩል በላይ ነው፣ የሚወሰደውም ከእንቅልፍሽና ከልጆችሽ ነው፣ ባለቤትሽም የሚመላለስ ከሆነ የሱን ለብቻ አስቢው። የሕፃናት ማቆያው የት እንደሚሆንም አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ ምክንያቱም ቤት አጠገብ ከሆነ ከመዘጋቱ በፊት አንዳችሁ መድረስ አለባችሁ፣ ብዙ ወላጅ ይሄን የሚያስታውሰው ከገባ በኋላ ነው። ገንዘቡንም ቢሆን ኪራዩን ብቻ አትዪ፣ የሁለታችሁን ትራንስፖርት፣ የጥበቃና የጽዳት፣ የሊፍት፣ የውሃ ምናምን ክፍያውን ደምሪና ከአሁኑ ጋር አወዳድሪ፣ ያ ሩብ ቅናሽ እዚህ ጋ ሊያልቅ ይችላል፣ ላያልቅም ይችላል።

ደላላው ስለሚያዋክባችሁ ዛሬ እንዳትከፍዪ። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በሰነድና በመታወቂያ እዩ፣ በተወካይ ከሆነ ውክልናው ማከራየትንና ገንዘብ መቀበልን እንደሚጨምር አንብቡ፣ ክፍያው በባለቤቱ ስም ባለ አካውንት ይግባ፣ ደረሰኝም ይኑር። ይሄን ስትጠይቂ የሚቆጣ ሰው ካለ ቤቱ ይቅርባችሁ።

ቤቱን ደግሞ በቀን ብርሃን እንደገና ሂጂና እዪው። የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያውን ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቺ፣ ውሃው ይቀጥናል ወይ? ሊፍቱ ይሠራል ወይ፣ 4ኛ ፎቅ ነው እኮ፣ አራስ ሆነሽ ሕፃን ይዘሽ የምትወጪው። የመስኮት ጥግ፣ የቁም ሳጥን ጀርባና የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ ላይ ሻጋታ ፈልጊ፣ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካየሽ ጠይቂ፣ ሻጋታ የሚመጣው ከሚያፈስ ቧንቧ ወይ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ስለሆነ ምክንያቱ ካልተወገደ ቀለም ቢቀቡት ተመልሶ ይወጣል፣ ለሕፃን ሳንባ ደግሞ ጥሩ አይደለም።

ውሉ ላይ ኪራይ መቼና በምን ያህል እንደሚጨመር፣ ከጊዜው በፊት ብትወጡ ምን እንደሚሆን፣ ማን ምን እንደሚጠግን፣ ማስያዣው በስንት ቀን እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ። የኪራይ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ ካልገባችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

ዲፖዚቱን በተመለከተ፣ እኔ ራሴ አንዴ ቪዲዮ ሳልቀርጽ ገብቼ ከኔ በፊት የተሰነጠቀ መታጠቢያ ገንዳ ስወጣ ከማስያዣዬ ተቆርጦብኛል፣ ማስረጃ ስላልነበረኝ ተከራክሬ አልቻልኩም። አዲሱን ቤት ቁልፉን በተቀበላችሁበት ቀን እቃ ሳታስገቡ እያንዳንዱን ክፍል ቅረጹት፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪው ቁጥር ይታይ፣ ያንኑ ቀን ለአከራዩ በስልክ ላኩለት፣ ቀኑ ይመዘገባል። አሁን ያላችሁበት ቤት ደግሞ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው ስንት ቀን እንደሆነ ውላችሁን እዩና በጽሑፍ አሳውቁ፣ ካልሆነ ለሁለት ቤት በአንድ ወር ትከፍላላችሁ። ቁልፍ ከመመለሳችሁ በፊት አከራዩን ጠርታችሁ አብራችሁ ዙሩት፣ የሚስተካከል ካለ ያኔ ይንገራችሁ፣ በመኖር ብዛት የደበዘዘ ቀለም ጉዳት አይደለም ብላችሁ በትህትና ተናገሩ። የመጨረሻውን ወር ኪራይ ግን በራሳችሁ ውሳኔ ከዲፖዚቱ ይታሰብ ብላችሁ እንዳታስቀሩ፣ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ጥፋተኛ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

ሰኞ ሞክሪውና ጉዞው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ፣ ሊፍቱም ከሠራ፣ እኔ ብሆን እከራየዋለሁ።