እንጭጩን ፍሬ መቼ እንቅጠፈው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አካባቢ ነው። በግቢያችን ከሁለት ዓመት በፊት የተከልነው የተዳቀለ አቮካዶ፣ ቁመቱ ከእኔ እምብዛም ሳይበልጥ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍርቶ ወደ 30 የሚጠጉ ፍሬዎች ይዟል። አጠገቡ ያለው የመንደሪን ዛፍ ደግሞ አምና ምንም ሳይሰጠን ቀርቶ፣ ዘንድሮ ፍሬው ከመብዛቱ የተነሣ ቅርንጫፎቹ ጎንበስ ማለት ጀምረዋል። ጎረቤታችን ከፊሉን እንጭጭ ሳለ እንድንቀጥፈው ሲመክሩን፣ አማቴ ግን «እግዜር የሰጠውን ሳይበስል መቅጠፍ ግፍ ነው» ብለው ከለከሉን። የማንን ምክር እንስማ? መቅጠፍ ካለብንስ መቼ ነው?

መልስ፦ የአማትዎ ቃል የሚናቅ አይደለም፤ ፍሬን እንደ በረከት የሚያይ ሰው ጓሮውንም በእንክብካቤ ይይዛል። ይሁን እንጂ እንጭጩን ከማንም አስቀድሞ የሚያራግፈው ዛፉ ራሱ መሆኑን ቢያስረዷቸው ሐሳባቸውን የሚያለዝቡ ይመስለናል። የአቮካዶ ዛፍ ከሚያወጣቸው 100 አበባዎች መካከል ደርሶ የሚለቀም ፍሬ የሚሆነው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ከቋጠረውም ውስጥ አብዛኛው አተር ሲያክል፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ይረግፋል። ዛፉ ሊመግበው የማይችለውን የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ለጎለመሰ ዛፍ የሚበጀው በራሱ ጊዜ የሚረግፈው እስኪያበቃ ታግሦ፣ ከዚያ በኋላ የተረፈው አሁንም በዝቶበት እንደሆነ ማየት ነው።

የእርስዎ አቮካዶ ግን ገና ለጋ ስለሆነ መጠበቅ አያስፈልገውም። የተዳቀለ ችግኝ ቶሎ የሚያፈራው፣ በላዩ የተቀጠለው ቅንጣቢ ከጎለመሰ ዛፍ የተወሰደ በመሆኑ ነው፤ ሥሩና ግንዱ ገና ልጅ ናቸው። በዚያ ላይ አቮካዶ በፍሬው የሚያከማቸው ቅባት ሲሆን፣ ቅባት መሥራት ስኳር ከመሥራት የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፍሬውም እስኪደርስ ብዙ ወራት ዛፉ ላይ ይቆያል። ቀጭን ችግኝ እነዚህን ሁሉ ወራት 30 ፍሬ ሲመግብ ከከረመ፣ ሥር ሊሰድበትና ቅርንጫፍ ሊያወጣበት የሚገባው ምግብ ስለሚያልቅበት እድገቱ ይገታል። ስለዚህ መጠናቸው ምንም ያህል ቢሆን ዛሬውኑ ቢያነሷቸው ይሻላል። አማትዎን ቅር ላለማሰኘት በጠንካራው ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ፍሬ ቢተዉ ዛፉ አይጎዳም።

የመንደሪኑ ነገር ከዚህ ይለያል። አንድ ዓመት ሞልቶ በሚቀጥለው ባዶ መሆን የብዙ ፍሬ ዛፎች ጠባይ ነው። በማደግ ላይ ያለ ፍሬ የዛፉን ስንቅ ከመጨረሱም በላይ፣ ለከርሞው አበባ የሚሆኑት እንቡጦች እንዳይፈጠሩ ያግዳል፤ ዛፉ ይህን ሁሉ ጭነት እስከ ብስለት ድረስ ከተሸከመ የሚመጣውም ዓመት እንደ አምናው ሊሆንባችሁ ይችላል። ጊዜውን ወሳኝ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ፦ የፍሬው ሕዋሳት በብዛት የሚከፋፈሉት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ የቀሩት ፍሬዎች በደንብ እንዲተልቁ ከተፈለገ ሥራው መሠራት ያለበት በራሱ የሚረግፈው ካበቃ በኋላ፣ ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክልበት ሰሞን ነው። ሎሚ ካከለ በኋላ ቢቀጥፉት የቅርንጫፉን ሸክም ያቀልሉለት ይሆናል እንጂ የቀሩትን ብዙም አያሳድግም።

በአንድ ቦታ ተጣብቀው ካፈሩት መካከል አንዱን ትተው ሌሎቹን ያንሱ፤ ነፍሳት የነኩትን፣ ቅርጹ የተበላሸውንና ከጓደኞቹ ያነሰውን ያስቀድሙ። ፍሬውን በእጅ መጎተት ልጡን አብሮ ስለሚገሽልጥ፣ ንጹሕ የመግረዣ መቀስ ይጠቀሙ። ከግማሽ በላይ በአንድ ቀን አያንሱ፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ማየት ከመቸኮል ይሻላል። ጎንበስ ያለውን ቅርንጫፍ፣ ነፋስ ከመገንጠሉ በፊት፣ ዛሬውኑ በባላ ይደግፉት።

ስለ ማንጎም የሚጠይቁን አንባቢያን ስላሉ አንድ ነገር እንጨምር። ለጋ ማንጎ አበባ ሲያወጣ ወዲያው መቁረጥ እንደገና እንዲያብብ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ፍሬው አተር እስኪያክል ጠብቆ ዘለላውን ማንሳት ይበጃል። የጎለመሰ ማንጎና አቮካዶ ግን ቅርንጫፍ ሊሰብሩ ካልደረሱ በቀር አይነኩ፤ ራሳቸው በበቂ ያራግፋሉ።

ለአማትዎ ወደሚተዉት ሁለት አቮካዶ እንመለስና፣ አቮካዶ የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ በኋላ እንጂ ዛፉ ላይ ሳለ አይደለም። የፍሬው ልጣጭ አብረቅራቂነቱን ሲያጣ አንዱን ቆርጠው ቤት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ያቆዩት። ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሁለተኛውም ደርሷልና ይቅጠፉት፤ ከተጨማደደና እንደ ጎማ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ለጥቂት ሳምንታት ዛፉ ላይ ይተዉት።