ቢጫው ንጣፍ ለጅማም ይሆናል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ሄርማታ ሲሆን ለትምህርት ጃፓን ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እዚህ በየእግረኛ መንገዱ ላይ ጎርበጥ የሚል ቢጫ ንጣፍ ተዘርግቷል፤ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ዐይነ ስውር አዛውንት በትራቸውን በንጣፉ ላይ እያንሸራተቱ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ባቡር ጣቢያ ሲገቡ ሳይ ግን አጎቴ ትዝ አሉኝ፤ እሳቸው ልጅ ካልመራቸው ከደጅ አይወጡም። ንጣፉ እንዴት ይሠራል? ለከተማችንስ ይሆናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያዩት ንጣፍ የጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ፈጠራ ሲሆን፣ መጀመሪያ መንገድ ላይ የተነጠፈው በኦካያማ ከተማ፣ በዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ፣ መጋቢት 9 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። መልእክቱ ሁለት ብቻ ነው፤ ረዣዥሞቹ ጉብታዎች በተዘረጉበት አቅጣጫ «ሂድ» ሲሉ፣ ክብ ክቦቹ ደግሞ «ቁም፤ ፊትህ ማቋረጫ፣ ደረጃ ወይም የባቡር መሳፈሪያ ጠርዝ አለ» ይላሉ። ከፍታቸው 5 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ በጫማ ሶል በኩል ይታወቃሉ። ቢጫ የሆነው ጥቂት የማየት አቅም የቀራቸው ሰዎች ከግራጫው መሬት እንዲለዩት ነው።

ለጅማ ይሆናል፤ ሆኖም መጀመሪያ መሠራት ያለበት እሱ አይደለም። ደብዳቤዎ እንደ ደረሰን በነጭ በትር የሚሄድ አንድ ወዳጃችንን ተከትለን ከመርካቶ ወደ አዌቱ ወንዝ አቅጣጫ ተጓዝን። የበትሩን ጫፍ የሚያስጠጋው የፍሳሽ ቦዩን ጠርዝ ነው፤ ሲሚንቶው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ መሪው እሱ ነው። ክዳኑ የተነሣበት ቦታ ሲደርስ በትሩ ባዶ ውስጥ ገባ፤ እሱም እግሩን መለስ አድርጎ ቆመና ሣቀ፤ እኛ ግን አልሣቅንም። ከዚያ አለፍ ሲል ግማሽ አካሉን የእግረኛ መንገድ ላይ ያወጣ ባጃጅ፣ ቀጥሎም ትናንት እዚያ ያልነበረ ጉሊት ገጠመው። የባሰው ክረምት ነው ይላል፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተሽከርካሪ ድምፅ ስለሚዋጥበት ጆሮውም አይረዳውም።

እንግዲህ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ቢጫ ንጣፍ ብቻውን ቢዘረጋ፣ ሰውን አሳምኖ ወስዶ ክፍት ቦይ ወይም የመብራት ምሰሶ ላይ ይጥለዋል። ያልተነጠፈ መንገድ ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ በስሕተት የተነጠፈው ግን ይዋሻል። ስለዚህ ቅድሚያ የቦይ ክዳን ነው፤ ቀጥሎ የእግረኛ መንገዱን ማስለቀቅ፤ ንጣፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ ከሥር ሲሠራ አብሮ ቢነጠፍ ወጪው ይቀንሳል፤ ከመመረቁ በፊት ደግሞ ዐይነ ስውራን ራሳቸው ሄደው ቢፈትሹት ስሕተቱ በጊዜ ይታረማል። ይህን መጠየቅ ምጽዋት መለመን አይደለም፤ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 መንገዶችን በስም ጠቅሶ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል።

አጎትዎን በተመለከተ፣ ነጭ በትር ብቻ ገዝተው አይላኩላቸው፤ አጠቃቀሙን በሚያውቅ ሰው ቢሠለጥኑ ይመረጣል፤ ሥልጠናውም ከቤታቸው ደጅ ተነሥቶ ወደሚናፍቁት አንድ ቦታ በሚወስድ መንገድ ቢጀመር መልካም ነው። ያ ቦታ የት እንደሆነ ስልክ ደውለው ይጠይቋቸው።