ለ71 ዓመት እናት ታይ ቺ፦ መጀመሪያ ክብደት ማሻገር

እህቴ፣ የጠየቅሽው «እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ስም ይጠፋባቸዋል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ለአእምሮ ታይ ቺ ይሻላል ዮጋ? እቤት ውስጥስ ከምን ይጀመራል?» ብለሽ ነው።

ለእሳቸው ታይ ቺ፣ ማለትም ከቻይና የመጣው ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ይሻላል። ዮጋ ወለል ላይ መውረድና መነሳት ስለሚበዛው ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይከብዳል። አጥንቱ የሳሳ ሰው ጀርባውን አጉብጦ ወደፊት መታጠፍ፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበትም ራሱን ቁልቁል መድፋት የለበትም።

የአእምሮውን ጥቅም ከላብ አትጠብቂው። ጥቅሙ ያለው ቀጣዩን እንቅስቃሴ እያስታወሱ፣ እጅና እግር እያቀናጁ፣ ሚዛን ጠብቀው ቀስ ብለው መሄዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ላይ ማስታወስ ያስቸገራቸው 318 አረጋውያን ለ24 ሳምንታት፣ በሳምንት 2 ጊዜ አንዳንድ ሰዓት እቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ሠርተዋል። ታይ ቺውን ከአእምሮ ሥራ ጋር አዳብለው የሠሩት፣ በአእምሮ ፈተና ታይ ቺ ብቻ የሠሩትንም ሰውነት ከማፍታታት ያላለፉትንም በልጠው ተገኝተዋል። ጥናቱ 24 ሳምንት የፈጀ ስለሆነ እናንተም በሦስተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብላችሁ አታቋርጡ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። የማይንሸራተት ከባድ ወንበር ፊታቸው ይቀመጥ፤ መደገፊያውን ይያዙ። ነጠላ ጫማ ይወልቅ፣ ጠርዙ የተነሳ ምንጣፍም ይጠቅለል። እግራቸውን በትከሻቸው ልክ ከፍተው ጉልበታቸውን ትንሽ ብቻ ያላሉ። ከዚያ እስከ 5 እየቆጠሩ ክብደታቸውን ወደ ቀኝ እግር ያሻግሩ። የግራው ተረከዝ ሳይታገሉ ብድግ ካለ ክብደቱ በእርግጥ ተሻግሯል፤ መሬቱ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን ያዘነበለው ትከሻቸው ብቻ ነው፣ ዳሌያቸው አልተንቀሳቀሰም። ይህን ስህተት ብዙ ጀማሪ ይሠራዋል። በየጎኑ 5 ጊዜ፣ ትንፋሽ ሳይያዝ፣ በቀን 10 ደቂቃ ለ2 ሳምንት ይበቃል። ይህ ሳይገባ ወደ እጅ እንቅስቃሴ መሮጥ ትርፉ መንገዳገድ ነው።

ቀጥሎ እርምጃ ይመጣል፤ ባዶውን እግር የተኛ ልጅ አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው ተረከዙን ቀድመው ያሳርፉ፣ ክብደቱን የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። በታይ ቺ ጉልበት ሊታመም የሚችለው ክብደት የተሸከመ እግር መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነት ሲዞር ነው። መጀመሪያ ክብደቱን ያንሱለት፣ ከዚያ መርገጫው ከጉልበቱ ጋር ይዙር። ዝቅ ብሎ መሥራት ውበት እንጂ ግዴታ አይደለም።

ቪዲዮ ስትመርጪ አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሠራበትን ፈልጊ። ፊት ለፊት ከሆነ የእሱ ቀኝ የእሳቸው ግራ ይሆንና ይምታታባቸዋል። በ1956 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ የተዘጋጀው ባለ 24 እንቅስቃሴ በጣም የታወቀ ነው፣ ግን ሁሉንም አትጫኚባቸው፤ 3 ወይም 4 ይበቃል። «የባዕድ አምልኮ ነው እንዴ?» ካሉሽም «የሚዛን ስፖርት» በያቸው፣ ከልምምዱ የሚጎድል ነገር የለም።

እንቅስቃሴው እንደ ውኃ ሲፈስላቸው ደግሞ አእምሮው መሥራቱን ይተዋል። ያኔ ወንበሩን እንደያዙ ወራትን ወደኋላ ይጥሩ፦ ጳጉሜ፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ… ሰኔን ሲያስቡ እግራቸው ቀጥ ካለ ሥራው ገና በዝቶባቸዋል ማለት ነው፤ ወደፊት ይቁጠሩ። እግራቸው ሳይቆም መስከረም ሲደርሱ ወንበሩን በአንድ ጣት ይንኩ።

የስኳር መድኃኒት ከወሰዱ በጾም ሆዳቸው ባዶ ሆኖ አይሥሩ። ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ከሆነ የደም ግፊታቸው ቆመውም ይለካ። ስለ መርሳቱ ደግሞ ታይ ቺው ቢጀመርም ሐኪም ቫይታሚን ቢ 12፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ) እና የሚወስዱትን መድኃኒት ይይላቸው፤ በእነዚህ ሳቢያ የመጣ መርሳት ሊታከም ይችላል። ግራ መጋባቱ የጀመረው በቀናት ውስጥ ድንገት ከሆነ ግን ልምምዱን ተይውና የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።